ስሙን ትተው ሰሙን ያንብቡ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ማንችስተር አቅራቢያ ነው። ጎረቤቴ የነበሩ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ አንድ ሳጥን ሙሉ ትንንሽ ሸክላ ሰጡኝ። በወጣትነታቸው ዊጋን ድረስ እየሄዱ ሌሊቱን ሙሉ ይጨፍሩ ነበር አሉ። ከሸክላዎቹ ሁለቱ ግራ አጋቡኝ። አንዱ ላይ ኤዲ ፎስተር ይላል፣ አንዱ ላይ ፍራንክ ዊልሰን። ዘፈኑ ግን ያው ‹ዱ አይ ላቭ ዩ› ነው። ድምፁም ለእኔ አንድ ነው፤ ኤዲው ትንሽ ይፈጥናል። ስልኬ ላይ ደግሞ ያንኑ ዘፈን ሴት ስትዘፍነው አገኘሁ። የፍራንክ ዊልሰኑ በ100,000 ፓውንድ ተሸጠ ሲባልም ሰማሁ። ዋናው የማን ነው? የቱ ከየቱ ተቀዳ? ልሽጠው ወይ? አባቴ አዲስ አበባ የተዋቸው የአምሃ ሸክላዎችም አሉ፤ እነሱንስ በዚሁ መንገድ ማጣራት ይቻላል?»

ምላሽ፦ ልብዎ እንዳይንጠለጠል ከገንዘቡ ልጀምር። እጅዎ ላይ ያለው ያ የመቶ ሺው ሸክላ አይደለም ብዬ ነው የማስበው። መሃሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት ይዩት። «ታምላ ሞታውን» የሚል ከሆነ ጉዳዩ እዚያው አለቀ። ያ ስም ሞታውን የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ሥራዎች እንግሊዝ ውስጥ ሲታተሙ የሚወጡበት ነበር። ይህ ዘፈን በዚያ ስም የወጣው በ1979 ነው፤ ቁጥሩም ቲኤምጂ 1170። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) መቶ ሺህ ያወጣው አሜሪካ ውስጥ «ሶል» በሚባለው የሞታውን እህት የንግድ ስም፣ ኤስ 35019 በሚል ቁጥር የተጫነው ነው። የሚታወቁት ቅጂዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ በ2009 በ25,742 ፓውንድ ተሸጠ። በ2020 ደግሞ 100,000 ፓውንድ የተከፈለበት ሽያጭ ዜና ሆነ። የእርስዎ እንግሊዛዊ ቅጂ እውነተኛና ሕጋዊ ሸክላ ነው። ዋጋው ግን የአንድ ጥሩ እራት ሂሳብ ቢሆን ነው፤ ቤት አይገዛም።

አሁን ወደ ስሞቹ። ሁለት ዘፋኝ የለም፤ ያለው አንድ ፍራንክ ዊልሰን ነው። በ1940 ሂውስተን ተወልዶ በ2012 ያረፈ ሰው ነው። ብዙ ሰው ሞታውን ሲባል ዲትሮይት ብቻ ይመስለዋል። ይህ ዘፈን ግን የሎስ አንጀለስ ልጅ ነው፤ የሠሩትም የኩባንያውን የምዕራብ ቢሮ የያዙት ሃል ዴቪስና ማርክ ጎርደን ናቸው። በ1965 መጨረሻ ሊወጣ ተዘጋጅቶ ጥቂት የሙከራ ቅጂዎች ተጫኑ። እንደሚባለው 250 ገደማ ነበሩ። ከዚያ ቀረ። የሚነገረው ታሪክ የኩባንያው ባለቤት ቤሪ ጎርዲ ዊልሰንን «ዘፋኝ መሆን ነው የምትፈልገው ወይስ ፕሮዲዩሰር?» ብሎ ጠየቀው፣ እሱም ፕሮዲዩሰርነቱን መረጠ የሚል ነው። ምርጫው አልከሰረም። የሱፕሪምስን «አፕ ዘ ላደር ቱ ዘ ሩፍ» እና የኤዲ ኬንድሪክስን «ኪፕ ኦን ትራኪን» የመሳሰሉ ሥራዎች ላይ እጁ አለበት። በኋላም ወንጌል ሰባኪ ሆነ። እሱ የረሳው ዘፈን ግን ውቅያኖስ ተሻግሮ ሌላ ሕይወት ጀመረ።

የኤዲ ፎስተር ነገር ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። በ1970ዎቹ ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ያልታወቁ ሸክላዎች እያደኑ የሚያጫውቱ ዲጄዎች ነበሩ። ጎረቤትዎ ይሄዱበት በነበረው ዊጋን ያለው ዊጋን ካዚኖ ይህ ሙዚቃ ከሚጨፈርባቸው ዳንስ ቤቶች ዋነኛው ነበር፤ ከ1973 እስከ 1981 ሠርቷል። አንድ ዲጄ ማንም የሌለው ሸክላ ካለው ሰዉ የሚመጣው ለዚያ ነው። ስለዚህ ተፎካካሪው እንዳያውቅበት ስሙ ላይ ነጭ ወረቀት ይለጥፍና የፈጠራ ስም ይሰጠዋል። ጃማይካ ውስጥም የሳውንድ ሲስተም ባለቤቶች ከዚያ በፊት ሌብሉን፣ ማለትም መሃሉ ላይ ያለውን ወረቀት፣ ይፍቁት ነበር። የኛም ሰው እኮ ጥሩ ልብስ ለብሶ «ከየት ገዛኸው?» ሲሉት «ከውጭ ነው የመጣልኝ» ብሎ ይሸፋፍናል። ነገሩ ያው ነው።

የዊልሰን ዘፈን በዚህ መንገድ «ኤዲ ፎስተር» ተባለ። ሕዝቡም በዚያ ስም ወደደው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሕገ ወጥ አታሚ ያንኑ የሐሰት ስም አትሞ ፎርጅዱን ቸበቸበው። ይባስ ብሎ ኤዲ ፎስተር የሚባል የእውነት ዘፋኝም ነበር፤ ሰብሳቢዎች «አይ ኔቨር ኒው» በሚለው ዘፈኑ ያውቁታል። እሱ ከዚህ ነገር ውስጥ የለበትም። ስለዚህ አንድ ስም ፍለጋ ውስጥ ጽፈው የሁለት ሰው ታሪክ ተደባልቆ ቢያገኙ አይግረምዎ።

ሴቷስ? ክሪስ ክላርክ ትባላለች፤ የሞታውን ዘፋኝ ነበረች። (በኋላ የቢሊ ሆሊዴይን ሕይወት የሚተርከውን የ1972ቱን ፊልም ከጻፉት አንዷ ሆና ለኦስካር ታጭታለች።) እሷ የዘፈነችው በዚያው በዊልሰን አጃቢ ሙዚቃ ላይ ነው። ሙዚቀኞቹ እንደገና አልተጠሩም። የዊልሰን ድምፅ ተነስቶ የእሷ ተተካ። የእሷም ቅጂ ለብዙ ዓመት መደርደሪያ ላይ ቀርቷል።

እዚህ ጋ ጥያቄዎ ውስጥ የተደባለቀ ነገር አለ፤ ልለየው። «ሌላ ቅጂ» ስንል ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ነው በአንድ ቃል የምንጠራው። የእርስዎ ኤዲና ፍራንክ አንድ ቀረጻ ናቸው፤ የተለየው መጠቅለያው ብቻ ነው። የክሪስ ክላርክ አጃቢው አንድ፣ ድምፁ ሌላ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ዘፋኙ ራሱ ዓመታት ቆይቶ ስቱዲዮ ገብቶ የደገመው ነው። የግሎሪያ ጆንስን «ቴይንትድ ላቭ» ይውሰዱ። በ1965 የሌላ ዘፈን ጀርባ ሆኖ ወጣ፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። የእንግሊዝ ዳንስ ቤቶች ሲያነሱት እሷ በ1976 እንደገና ቀዳችው። ሶፍት ሴል የተባሉት እንግሊዛውያን ደግሞ በ1981 ዘፍነውት ዓለም አወቀው። የግሎሪያ ሁለቱ ቅጂዎች ስምም ዘፋኝም አንድ ናቸው፤ ቀረጻው ግን ሌላ፣ ዋጋውም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አራተኛው ያው ቴፕ በሞኖና በስቴሪዮ ሲቀላቀል፣ ወይም ለሬዲዮ ሲያጥር የሚመጣው ልዩነት ነው።

የትኛው ቀድሞ ተቀዳ የሚለውንም በወጣበት ቀን አይፍረዱ። ከዚህ ስህተት የሚድን ሰብሳቢ ጥቂት ነው። «አይ ኸርድ ኢት ስሩ ዘ ግሬፕቫይን» የሚለውን ዘፈን መጀመሪያ ለሕዝብ ያደረሰችው ግላዲስ ናይት ናት፤ መስከረም 1967። የማርቪን ጌይ ሸክላ የወጣው በ1968 መጸው ነው። ስለዚህ ማርቪን ደገመው ይባላል። እውነቱ ግን ማርቪን የቀዳው በ1967 መጀመሪያ፣ ከግላዲስ በፊት ነው። ከእሱም በፊት ሚራክልስ በ1966 ቀድተውት ነበር። ሞታውን ውስጥ አንድ ዘፈን ለሦስት ለአራት ዘፋኝ ይሰጣል፤ ሥራው በሳምንታዊ ስብሰባ ይሰማል፤ የወደቀው መጋዘን ይገባል። የመጋዘኑ በር መቼ ይከፈታል የሚለው ከዘፈኑ ዕድሜ ጋር አይገናኝም።

ታዲያ ሰው ሸክላውን በምን ያጣራል? ከስሙ ይልቅ ሰሙን በማንበብ። ዘፈኑ አልቆ መርፌው ወደ መሃል የሚንሸራተትበት፣ ድምፅ የሌለው ለስላሳ ቀለበት አለ። የውጭ ሰብሳቢዎች «የሞተ ሰም» ይሉታል። እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ወርቁን ከሰሙ ስር መፈለግ ለምደናል፤ እዚህ ግን ወርቁ ራሱ ሰሙ ነው። ሸክላውን ጠርዙን ይዘው ከመብራት ስር ያዘንብሉት፤ የስልክዎ ባትሪ ከጎን ቢበራበት የበለጠ ይታያል። የተጫሩ ወይም በማሽን የተመቱ ፊደላትና ቁጥሮች ብቅ ይላሉ። ሌብል ሊለጠፍና ሊፈጠር ይችላል። ይህ ጽሑፍ ግን የተቀረጸው ሸክላው የተጫነበት ማተሚያ ላይ ነው።

ጽሑፉ ፋብሪካውን ይነግርዎታል። በክብ ውስጥ ኤም እና አር ካዩ የሎስ አንጀለሱ ሞናርክ ነው። አጠገቡ ትንሽ ሦስት ማዕዘንና ቁጥር ይኖራል፤ ቁጥሩ በሥራ ቅደም ተከተል እየጨመረ ስለሚሄድ ጊዜውን ለመገመት ይረዳል። ኤአርፒ የሚል ካለ ሚሺጋን፣ ኦዎሶ ከተማ ያለው ፋብሪካ ነው፤ ሞታውን ብዙ ያሠራበት። አርሲኤ ለትንንሽ አሳታሚዎች ሲጭን ቁጥሩን በዓመት ፊደል ነበር የሚጀምረው፤ አር 1964፣ ኤስ 1965፣ ቲ 1966። ስሙ የማይታወቅ ዘፋኝ፣ አድራሻው የጠፋ አሳታሚ ቢሆን እንኳ በዚህች አንዲት ፊደል ዓመቱ ይያዛል።

ፎርጅድ ደግሞ እዚሁ ቦታ ላይ ይጋለጣል። ዋናው በማሽን የተመታ ጽሑፍ ካለውና የእርስዎ በእጅ የተጫረ ከሆነ ይጠርጥሩ። የድሮ ቁጥር ተፍቆ ሌላ ከተጻፈበትም እንዲሁ። ዕቃውም ይናገራል፤ የአሜሪካ ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ በቪኒል ፋንታ ስታይሪን የሚባል ቀለል ያለ ፕላስቲክ ይጠቀሙ ነበር። ዋናው ስታይሪን ሆኖ ሳለ የእርስዎ የሚተጣጠፍ ወፍራም ቪኒል ከሆነ ከሌላ ቤት የመጣ ነው። ጆሮዎም ያግዝዎታል፤ ፎርጅድ ብዙ ጊዜ ከሸክላ የተቀዳ ስለሆነ የመጀመሪያው ሸክላ ጭረት አብሮ ይታተማል። ሸክላውን አጥበው ስንጥቅጥቁ እዚያው ቦታ ላይ ካለ ቆሻሻው የእርስዎ አይደለም።

አንድ ምልክት ግን በደሜ ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት «የ1966 ዋና» ተብሎ ከአንድ ነጋዴ የአሜሪካ ሸክላ ገዛሁ። የሳምንት ደመወዜ ሄደ። ቤት ገብቼ ሻይ አፍልቼ ሌብሉን ሳየው ጥግ ላይ በክብ ውስጥ የተቀመጠች ፒ አለች። ሻዬ ቀዘቀዘ። አሜሪካ ውስጥ የድምፅ ቀረጻ በፌዴራል ሕግ የቅጂ መብት ያገኘው ከየካቲት 15፣ 1972 ጀምሮ ነው፤ ያቺ ምልክት የመጣችው ከዚያ ጋር ነው። የ1966 የአሜሪካ ሸክላ ላይ ምን ትሠራለች? ጥንቃቄ ግን፦ ይህ ለአሜሪካ ሸክላ ብቻ ነው። እንግሊዞች ቀደም ብለው ያትሟት ስለነበር በዚህ ምልክት የእንግሊዝ ሸክላ ላይ አይፍረዱ።

ኤዲው ትንሽ ይፈጥናል ያሉት ነገር አያስጨንቅዎ። ማጫወቻው፣ ወይም ፎርጅዱ ሲቀዳ የነበረው ፍጥነት ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ ሁለቱንም ኮምፒውተር ላይ ይቅዱና ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አንዱን ከአንዱ በላይ ያስቀምጡ። መጀመሪያቸውን ካጋጠሙ በኋላ አንዱ ከሌላው እኩል በእኩል እየራቀ ከሄደ የፍጥነት ልዩነት ነው፤ ቀረጻው አንድ ነው። አንዴ ቀድሞ፣ አንዴ ዘግይቶ፣ እንደገና የሚገናኝ ከሆነ ግን ሙዚቀኞቹ እንደገና ተጫውተዋል። ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ከበሮ አይመታም። እኔ ሁልጊዜ የምይዘው ስህተቱን ነው፤ ዘፋኙ ከመግባቱ በፊት የሳበው ትንፋሽ፣ ከበሮው ላይ የተንሸራተተ ምት። የክሪስ ክላርክንም እንዲሁ ይሞክሩት። ድምፁን ረስተው ከበሮውን ብቻ ይከተሉ።

ከሸክላው ውጭ ያለው ማስረጃ የወረቀት ነው። ቢልቦርድና ካሽ ቦክስ የሚባሉ የንግዱ መጽሔቶች በየሳምንቱ አዲስ የወጡትን ይዘረዝሩ ነበር፤ የድሮ እትሞቻቸው ተቃኝተው ይገኛሉ። ሌብሉ ላይ በቅንፍ የተጻፉት የደራሲ ስሞች ከዘፋኙ ስም የበለጠ ይታመናሉ፤ ገንዘብ የሚከፈለው በእነሱ ስም ነውና። ዲስኮግስ የሚባለውን የኢንተርኔት የሸክላ መዝገብና ገበያም ይጠቀሙ፤ ግን ሰው የሞላው መዝገብ መሆኑን አይርሱ። ስልክዎ ላይ ዘፈኑ ጎን የሚያዩትን ዓመት ደግሞ ጭራሽ አይመኑት። ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ስብስቡ የታተመበትን ነው። «በዋናው ዘፋኝ እንደገና የተቀዳ» የሚል ደቃቅ ጽሑፍ ካለ ደግሞ ሦስተኛው ዓይነት ነው።

ወሰንም አለው። ማስተር ቴፑ፣ ማለትም ዋናው ቀረጻ ያለበት ቴፕ፣ ከጠፋ አንዳንድ ጥያቄ መልስ አያገኝም። በ2008 ሆሊዉድ የዩኒቨርሳል ግቢ ሲቃጠል ቼስ የተባለውን አሳታሚ ቴፖች ጨምሮ ብዙ ማስተሮች እንደነደዱ ኒው ዮርክ ታይምስ በ2019 ዘግቧል። የሞተው ሰምም የሚነግርዎ ሸክላው የት ተጫነ የሚለውን እንጂ ማን ከበሮ መታ የሚለውን አይደለም።

ይኸው ወሰን የአባትዎን ሸክላዎች በቀጥታ ይመለከታል። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብት በ1948 በወጣ አዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። ደፍሮ ገባበት። አዲስ አበባ ይቀዳል፣ ሸክላው ግን ውጭ ይጫናል፤ መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላ ሊባኖስና ግሪክ። ስለዚህ ሰሙ ላይ ያለው ምልክት የውጩን ፋብሪካ ነው የሚያሳይዎ። ስለ ባንዱ ምንም አይልም። እዚህ ጋ ጆሮ ይቀድማል፤ አንዱ ዘፈን ለሬዲዮ ከትልቅ ኦርኬስትራ ጋር፣ ለሸክላ ደግሞ ከትንሽ ባንድ ጋር ሊቀዳ ይችላል። ዓመተ ምሕረት ሲያዩም ቆም ይበሉ። የእኛና የፈረንጁ ሲደባለቅ ታሪኩ ሰባት ስምንት ዓመት ይዘላል። እነዚህን ሸክላዎች ለማንም አይሽጡ፤ መጀመሪያ ይቅዷቸው፣ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ ያንሷቸው።

የእንግሊዙን ሳጥን በተመለከተ ምክሬ ይህ ነው። የፍራንክ ዊልሰኑን መሸጥ ከፈለጉ «የ1979 የእንግሊዝ እትም» ብለው በግልጽ ጽፈው ይሽጡ። ኤዲውን አይሽጡት። ፎርጅድ መሆኑን እያወቁ ገበያ ማውጣት ከሕግ ጋር ሊያጋጭዎ ይችላል፤ ዲስኮግስም ያልተፈቀደ እትም እንዲሸጥ አይፈቅድም። ለእኔ ደግሞ ከሁለቱ ታሪክ ያለው እሱ ነው፤ ሰዉ ዘፈኑን በየትኛው ስም እንደወደደው ይመሰክራል። ሳጥኑን በጅምላ ለሚጠይቅዎ ነጋዴም እሺ አይበሉ። ሁለቱ ላይ አፍጥጠው ሌሎቹን አላዩም ብዬ እሰጋለሁ፤ ውድ ሸክላ ብዙ ጊዜ ማንም ስሙን ሰምቶት የማያውቀው ነው። እያንዳንዱን በመብራት ስር አዘንብለው ያንብቡ፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይመዝግቡ። የወረቀት ከረጢቶቹንም አይጣሉ፤ ሰዎች ዋጋና ቀን ይጽፉባቸዋል።

ከሁሉ በፊት ግን ጎረቤትዎ ጋ ይደውሉ። ሰውየው በሕይወት እያሉ እኔን መጠየቅዎ ራሱ ይገርመኛል። ስለ ዋጋ አያንሱባቸው። ኤዲውን ከማን እንደገዙት፣ ዊጋን ውስጥ ይሁን በፖስታ፣ ስንት እንደከፈሉበት ይጠይቁ። ፍራንክ ዊልሰን የሚለውን ሲያዩ ምን እንዳሉም ይጠይቋቸው፤ ያኔ ነው የወደዱት ዘፈን የሌላ ሰው መሆኑን ያወቁት። ከፈቀዱልዎ ስልኩን እየቀዱ።